ባለ ሁለት ወንበሯ

መኪናዋ ቀይ ናት፤ በጉብዝና ዘመኗ እሽቅድምድም የለመደች፣ ዛሬ ጣሪያዋ የሚያፈስ፣ ወንበሯም ሁለት ብቻ። ልብስ ሰፊዋን ያናደዳት ግን የመኪናዋ እርጅና አልነበረም። እንዲያውም መኪናዋ በተበላሸች ቁጥር ቅዳሜ የልብስ ሰፊዋ ነበር። ባሏ ኮፈኑን ከፍቶ ይጎነበሳል፣ እሷ የእጅ መብራት ይዛ ታበራለታለች፣ ሁለቱም ወሬያቸውን ይሰልቃሉ። ሳምንቱን ሙሉ ዝም የሚለው ሰውዬ ኮፈን ሥር ሲገባ አፉ ይፈታል።

ምን ዋጋ አለው፣ መኪናዋ ዳነች! ከዳነች ወዲህ ቅዳሜ ቅዳሜ ሁለተኛዋ ወንበር ላይ ጉብ የሚለው የመሥሪያ ቤት ጓደኛው ሆነ። ወሬው ስለማያልቅ ሰፈሩ «ራዲዮ» ይለዋል። ባሏ ደግሞ እምቢ ማለት አልፈጠረበትም፤ ኩላሊትህን ስጠኝ ቢሉት «የግራውን ነው የቀኙን?» ብሎ የሚጠይቅ ዓይነት ነው።

እናም አንድ ቅዳሜ ጠዋት፣ ባሏ ፊቱን ሲታጠብ፣ ሱሪ የምታሰምርበትን ጠመኔ አስቀምጣ ወጣችና ኮፈኑን ከፈተች። እሳት ከሚያመነጨው ቦቢና የሚመጣውን ወፍራም ገመድ ሳብ አደረገችው። ሲያዩት የተሰካ ይመስላል፣ ግን አይነካም። ኮፈኑን ዘግታ ተመለሰችና መቀሷን አነሳች። ነገረኛ ናት ካላችሁ፣ አዎ ናት።

ሞተሪኖው ይዞራል፣ ሞተሩ አልነሳም አለ። ራዲዮ ጥቁር መነጽሩን እንዳደረገ ጥቂት ጠበቀና ሰልችቶት ሄደ።

«እስቲ መብራቱን ያዢልኝ» አለ ባሏ።

ባትሪው ደህና ነው። ቤንዚኑም ካርቡራተሩ ድረስ ይመጣል። ካንዴላ ፈትቶ ሞተሩ ላይ አስደገፈና ቁልፉን እንድታዞር ነገራት። እሳት የለም።

«እሳቱ ከቦቢና ወጥቶ እዚህ አከፋፋዩ ውስጥ ይገባል» እያለ ክዳኑን ከፈተ። «ይቺን የምትዞር ቁራጭ አየሻት? አውራ ጣት አታክልም። ግን እሷ ከሌለች ለየትኛውም ካንዴላ እሳት አይደርሰውም።»

«ካንዴላው አርጅቶ ይሆናላ!» አለች፣ ጉዱን እያወቀች።

ሲያወሩ ምሳቸውን ረሱት። አመሻሹ ላይ ገመዱን ነካ፣ ጣቱን አየ፣ ሱሪው ላይ ጠረገ። «ላልቶ ነው» ብሎ ገመዱን ጠበቅ አድርጎ ሰካው።

በሚቀጥለው ቅዳሜ መኪናዋ ደግማ አልነሳም አለች። ልብስ ሰፊዋ ክው አለች። እሷ እኮ አልነካችም! ሰበርኳት ይሆን እያለች መብራቱን አበራችለት። ባሏ ባትሪውን፣ ቤንዚኑን፣ ካንዴላውን አንድ በአንድ ፈተሸ፤ አከፋፋዩን ግን አልከፈተም። ራዲዮማ ገና ኮፈኑ ሲከፈት ነው የሄደው።

ባሏ እጁን ሊታጠብ ሲገባ ያወለቀውን ቱታ አነሳች። የተቀደደ ኪስ የምትሰፋው እሷ ስለሆነች ኪስ መፈተሽ ልማዷ ነው። ጣቷ ትንሽ ነገር ነካ። አወጣቻት። አውራ ጣት አታክልም።

ሳቋ አመለጣት። ይህን ያህል ደስታ ከየት እንደመጣባት እንጃ፣ ዐይኗ እንባ አቀረረ። ቁራጯን ቦታዋ መለሰች፣ ክዳኑን ገጠመች፣ ኮፈኑን ዘጋች፣ ሁለተኛዋ ወንበር ላይ ገብታ ተቀመጠች።

ባሏ ፎጣ ይዞ ሲወጣ ደንግጦ ቆመ።

«ግባና አስነሳት» አለችው።

ባንድ ጊዜ ተነሳች። ባሏ መሪውን ይዞ ፊት ለፊት ያያል።

«ራዲዮን እምቢ ማለት ከብዶኝ ነው እኮ» አለ በመጨረሻ።

«ያን ገመድ የነቀልኩት እኔ ነኝ።»

«አውቃለሁ። ጠመኔሽ ጣቴ ላይ ቀርቶ ነበር።»

መታጠፊያው ላይ ራዲዮ ቆሟል። የሞተሩን ድምፅ ሰምቶ መነጽሩን አወለቀ፣ ፈገግ ብሎ እጁን ዘረጋ። ባሏ ጉሮሮውን ጠረገ፣ ሞቅ አድርጎ እጁን አውለበለበለትና ፍሬን ሳይነካ አለፈ።