ሁሉም ገጽ ላይ ትህትና

ትህትና ቢቸና ውስጥ በአንድ መሥሪያ ቤት የኮምፒዩተር ባለሙያ ሆና ከተቀጠረች ዛሬ ስድስት ወሯ ሞላ። ቋሚ የሚያደርጋትን ደብዳቤ የሚፈርሙት ኃላፊዋ ወይዘሮ አሰጋሽ ግን ሥራዋን በዓይናቸው ሳያዩ ብዕር አያነሱም።

እስካሁን ሠራተኛው ሁሉ በአንድ የይለፍ ቃል እየገባ አንዱ የሌላውን ደብዳቤ ሲያጠፋ ነበር የኖረው። ትህትና ለእያንዳንዱ የየራሱን መግቢያ ከፈተችለት። አዲስ የሚገባ ሁሉ የአማርኛ መጻፊያውና ፕሪንተሩ ተሰናድቶ እንዲጠብቀውም ከራሷ ገጽ ቀድታ አንድ የጋራ መነሻ ገጽ አዘጋጀች።

መጀመሪያ የገባው የመዝገብ ቤቱ ይታገስ ነው።

"ኧረ ኑ እዩ!"

ከገጿ ጋር የራሷ ፎቶም አብሮ ተቀድቶ ኖሮ ስክሪኑን የሞላችው ትህትና ነበረች፤ ሞጣ በእህቷ ሠርግ ላይ ነጠላዋን ወገቧ ላይ አስራ፣ ዓይኗን ጨፍና እስክስታ ስትመታ። ያች ድምጿ እንኳ የማይሰማው ትህትና! የሥራ ባልደረባቸው ሃናም በራሷ ስም ገባች፤ እዚያም ትህትና።

"አንቺ! እንዲህም ነሽ እንዴ?" አለች ሃና በሳቅ እየተንፈራፈረች።

ትህትና ላጥፋው ብላ ስትንደረደር ወይዘሮ አሰጋሽ ደረሱ፤ ተቀምጠውም በስማቸው ገቡ። ሳቁ ቀጥ አለ። መነጽራቸውን አስተካክለው ስክሪኑን አፍጥጠው አዩት።

"ይቅርታ እትዬ፣ አሁን አጠፋዋለሁ..."

"ግራ ትከሻሽ ዘግይቷል" አሉና ወንበሩን ገፍተው ተነሡ። "እንዲህ ነው!"

ትከሻቸው ተንቀጠቀጠ። ይታገስ ጠረጴዛውን ይደልቅ ጀመር፤ ሃና እልልታዋን አቀለጠችው። የትህትናም ትከሻ ሳታዘው ተከተለ።

ወይዘሮ አሰጋሽ እያለከለኩ ተቀምጠው የቋሚነት ደብዳቤዋን ፈረሙ።

"የሌሎቹን አጥፊ" አሉ። "የእኔን ግን እንዳትነኪብኝ!"