ሪያልቶ ላይ የጠፋው በግ

ቬኒስ የደረስኩ ቀን እግሬ መሬት አልነካም። ጀልባ ላይ ስለነበርኩ አይደለም፤ ደስታው ነው። ጅጅጋ በሚገኘው ፎቶ ቤታችን ግድግዳ ላይ የሪያልቶን ድልድይ እያየሁ ነው ያደግሁት። አባቴ ከፖስትካርድ አይቶ ሸራ ላይ የሳለው ነው፤ የከተማው ሙሽራ ሁሉ እሱ ፊት ቆሞ ፎቶ ተነስቷል። ባለፈው ክረምት ጣሪያው አፍስሶ ሸራው ሲበሰብስ አለቀስኩ።

ከእኔ ብሳ ያለቀሰችው ግን ጓደኛዬ ላዳን ናት። ልታገባ ነው፤ አባቷ አቶ ባሬ ደግሞ በሕይወት የሉም። "አባቴ በቆመበት ቆሜ ካልተነሳሁ ሰርጉ ይቅርብኝ" አለች። ስለዚህ የፎቶ ሥልጠና ጣሊያን ሲወስደኝ፣ እውነተኛውን ድልድይ አንስቼ፣ በትልቁ አሳትሜ እንደማመጣላት ቃል ገባሁ።

ቃል መግባት ቀላል ነው። ቦታው ስደርስ ሕዝቡ ጉድ ነው። ሁሉም ጀርባውን ለድልድዩ ሰጥቶ ራሱን ያነሳል። ቀኝ ስል የሰው ክርን፣ ግራ ስል የሰው ባርኔጣ። ንድድ ሲለኝ ለላዳን በቪዲዮ ደወልኩ። የወላጆቿን የሰርግ ፎቶ ይዛ ትመራኝ ጀመር።

"ወደ ግራ፣ አባዮ" አለች፤ እህቴ ማለቷ ነው። "ትንሽ ዝቅ በይ።"

"ከዚህ በላይ ዝቅ ካልኩ ውሃ ውስጥ ነኝ።"

"በቃ፣ እሱ ነው። ወላሂ እሱ ነው።"

ልቤ ዘለለ። ቅስቱም ደረጃውም ልክ እንደ ሸራው ነው፤ አባቴ አገሩን ሳያይ ምንም አልሳተም። ላነሳ ስል ላዳን ጠየቀች።

"በጉስ?"

በሳቅ ፈረስኩ። አቶ ባሬ የሐርሺን ከተማ የከብት ነጋዴ ነበሩ። ለሰርጋቸው ፎቶ ሲመጡ "ከብት የሌለበት አገር ቆሜ አልነሳም" ስላሉ፣ አባቴ ሳቁን ውጦ ድልድዩ ግርጌ ጭንቅላቱ ጥቁር የሆነ ነጭ በግ ሳለላቸው። ፎቶው ላይ እጃቸውን ጀርባው ላይ እንዳሳረፉ ሆነው ቆመዋል። እኔ ከልጅነቴ ስለለመድኩት በጉም የድልድዩ መስሎኝ ኖሯል።

"ቬኒስ ውስጥ በግ ከየት ላምጣ?"

"ቦታውን ብቻ ባዶ አድርጊልኝ" አለች።

ግርጌው ነጻ እስኪሆን ጠብቄ አነሳሁ።

የሰርጉ ቀን ጅጅጋ፣ ፎቶ ቤታችን ውስጥ፣ ትልቁን ህትመት ግድግዳው ላይ ወጥሬ ስጠብቅ፣ ከውጭ የመኪና ጥሩንባና እልልታ ሰማሁ። ላዳን በሙሽራ ልብሷ ገባች። ሙሽራው አብሽር ከኋላዋ፣ በሙሉ ሱፍ፣ በግ ታቅፎ ተከተላት። ራሱ ጥቁር፣ ገላው ነጭ፣ ታጥቦ የተበጠረ በግ።

"ሐርሺን ድረስ ሄጄ ራሴ ነኝ የመረጥኩት፣ አክሱማዊት" አለኝ በኩራት።

በጉ መብራቴን ሊጥልብኝ ነበር፤ እየተቆጣሁ ሳቅሁ። ባዶ በተውኩት ቦታ ሲያቆሙት ግን ረጋ አለ። ላዳን የድሮውን ፎቶ አንዴ አየችና እጇን እንደ አባቷ ዘረጋች። የእሳቸው እጅ ያረፈው ሸራ ላይ ነበር፤ የእሷ ጸጉሩ ውስጥ ገባ።

"ይሞቃል፣ አባዮ" አለችኝ፣ እንባዋ እየወረደ።

እጇን ከጸጉሩ ሳታወጣ አነሳኋት።