«ገብረ» ብቻውን አይቆምም

ልጄ ፀሐይወርቅ የደብራችንን የክርስትና መዝገብ ወደ ኮምፒውተር ስትገለብጥ ሁለት ዓመት ፈጀባት። ሥራዋ በሚፈተንባት ቅዳሜ ከጎፋ ተነሥተን በሚኒባስ ወደ ደብሩ ጽሕፈት ቤት ስንሄድ የገለበጠቻቸውን ስሞች በልቧ ትደግም ነበር። የሰበካ ጉባኤው ሊቀ መንበር አቶ ዳኜ፣ «ኮምፒውተሩ አንድ ስም ከሳተ ወደ ወረቀቱ እንመለሳለን» ብለው ነበርና።

እርሷ ስክሪፕት የምትለው አጭር የትእዛዝ ጽሑፍ ስሙ «ፈልግ» ነው። ከእርሱ ቀጥሎ የተጠማቂው ስም፣ ከዚያም ዓመቱ ይጻፋል። ኮምፒውተሩ ቃልን ከቃል የሚለየው በባዶ ቦታ ሲሆን፣ አንደኛውን ቃል ስም፣ ሁለተኛውን ዓመት አድርጎ ይቀበላል። በራሷ ስም ደጋግማ ሞክራው አንድም ቀን አላሳፈራትም።

አቶ ዳኜ መነጽራቸውን አጠለቁና የልጃቸውን ስም በአንድ ጣት ጻፉ፦ ፈልግ ገብረ መድኅን 1984።

ኮምፒውተሩም፣ «መድኅን የሚባል ዓመት የለም» ሲል መለሰ።

«እሰይ!» አሉ አቶ ዳኜ እየሣቁ ወደ እኔ ዞረው፤ «መሪጌታ፣ የዘመን ቁጥሩን ባሕረ ሐሳብ ያስተማሩን እርስዎ አይደሉም? ለመሆኑ ዘመነ መድኅን መቼ ገባ?»

ጸሐፊዋ ወይዘሮ በቀለች በነጠላቸው አፋቸውን ሸፈኑ። ልጄን ላብ አጠመቃት።

«የእኔ ስም ተጋጥሞ ስለሚጻፍ አላስተዋልሁም። ጋሽ ዳኜ፣ ስሙን በትእምርተ ጥቅስ ውስጥ ያስገቡት፤ እንደ አንድ ቃል ይቀበለዋል።»

«እኔ ጥቅስ የምጠቅሰው በዐውደ ምሕረት ነው!»

ስለ ኮምፒውተር ምንም ባላውቅም፣ በግእዝ ሰዋስው ዘርፍ ስለሚባለው፣ ስምን ስለሚያሟላው ተከታይ ቃል፣ ጥቂት አውቃለሁ።

«ልጄ» አልኋት፣ «"ገብረ" ብቻውን አይቆምም። የማን አገልጋይ እንደ ሆነ ሳይነገር ስሙ አልተፈጸመም፤ ዘርፉን ይጠብቃል። ዓመቱ ግን ምንጊዜም አንድ ቃል ነው፤ ቦታውም መጨረሻ ነው።»

ጥቂት አሰበችና ብድግ አለች። «አባዬ፣ ከኋላ ልቁጠረው ማለትዎ ነው!»

ሁለት መስመር አስተካከለች፦ የመጨረሻው ቃል ዓመት፤ ከእርሱ በፊት ያለው ሁሉ፣ ስንትም ቢሆን፣ አንድ ስም።

አቶ ዳኜ ያንኑ ደግመው ጻፉ። ገብረ መድኅን ዳኜ ከነጥምቀቱ ዕለት፣ ከነክርስትና አባቱ ወጣ። ሳቃቸውን ትተው መስመሩን ሁለት ጊዜ አነበቡት። ከዚያ የመዝገቡን ቁም ሣጥን ቁልፍ ከኪሳቸው አውጥተው በእርሷ ፊት አኖሩት።

«መሪጌታ፣ ይህችን ልጅ ምን አስተምረው ነው?»

«የግእዝ ግስ ያስገሠሥኋት በስምንት ዓመቷ ነው» አልሁ፤ «ፍሬውን ዛሬ ቀመስሁ።»