ያልጎረስኩት የሸኖ ቅቤ

፩

አፌን ዘጋሁ።

በቃ፣ ጥፋቴ ይኸው ነው። ዶሮ ወጡ በእንጀራ ተጠቅልሎ፣ ቅቤው በጣቶቿ መሃል እየወረደ፣ ጉርሻው ከንፈሬ ድረስ መጥቶ፣ እኔ አፌን ዘጋሁ። ድንኳን ሙሉ ሰው እያየ። በገዛ ልጄ ቅልቅል ላይ። አጉራሿ ደግሞ የልጄ አማት፣ ወይዘሮ ደብሪቱ ናት።

“በሞቴ!” አለችኝ።

አንገቴን ወደ ኋላ ሳብኩ።

“አፈር ስሆን!”

ራሴን ነቀነቅኩ። ጉርሻው አየር ላይ ትንሽ ቆየ። ከዚያ ወይዘሮ ደብሪቱ ወደ ራሷ አፍ መለሰችውና ዐይን ዐይኔን እያየች አላመጠችው።

፪
ስለ ጸሐፊዋ

አስካለ እባላለሁ። አዳማ ውስጥ መኪና መንዳት አስተምራለሁ። ስለዚህ አንባቢዬ፣ መሃል ላይ ብጮህብህ አትቀየመኝ፤ የሥራ ልማድ ነው። ብዕር የያዝኩት ሐኪሙ ለጊዜው መሪ አትያዢ ስላለኝ ነው። እንደ ደራሲዎቹ ከላይ እስከ ታች አልፈስልህም። ትንሽ ስጽፍ ጎኔን ይወጋኛል፣ አርፋለሁ። ቁጥሮቹ ያረፍኩባቸው ቦታዎች ናቸው።

፫

ጨጓራ።

አገሩ በሙሉ ጨጓራ ነው! ከጎድን አጥንቴ በታች በስተቀኝ ያዘኝ ስላቸው፣ ጎረቤቱም፣ ሰልጣኙም፣ መድኃኒት ቤት የቆመው ልጅም አንድ ቃል ነው የነገሩኝ። “ተልባ ጠጪ” አሉ፣ ጠጣሁ። “ወተት ጠጪ” አሉ፣ ጠጣሁ። “ለጋ ቅቤ አቅልጠሽ በባዶ ሆድሽ” አሉ፣ እሱንም ጠጣሁ። ያን ቀን ወለል ላይ ተንከባለልኩ። ሕመሙ ከሆዴ ተነሥቶ በጀርባዬ ዞረና ቀኝ ትከሻዬ ላይ ተቀመጠ። ላብ በላብ ሆንኩ፣ አስመለሰኝ፣ እናቴን ጠራሁ።

ከዚያ ወዲህ ቅቤ የነካው ነገር ስሸሽ ኖርኩ። በጾም ደህና ነኝ፤ ጾሙ ሲፈታ እኔ እታሰራለሁ። ለቤተሰብ ግን ትንፍሽ አላልኩም። ልጄ ፍሬሕይወት ልታገባ ነው፤ እናቷ ታማለች ተብሎ ሰርግ እንዲተላለፍ ማን ይፈልጋል? ይለፍና እታከማለሁ ብዬ ቻልኩት።

፬
ስለ ወይዘሮ ደብሪቱ

ቅቤ ነጋዴ ናት። ከሸኖ ታስመጣለች። ገበያ ውስጥ ሀብቷ ስሟ ነው።

በዚያ ሰሞን ደግሞ የከተማው ወሬ ሁሉ ቅቤ ነበር። ሙዝ ቀላቀሉበት፣ ዘይት ጨመሩበት፣ እነ እገሌ ተያዙ፣ እነ እገሌ አመለጡ። ሰው ቅቤ ሲገዛ እያሸተተ፣ በጣቱ እያሸ፣ ነጋዴውን በጎን እያየ ነው።

እንግዲህ አስበው። በዚህ መሃል የሙሽራዪቱ እናት፣ በአደባባይ፣ የደብሪቱን ቅቤ አልቀምስም ብላ አፏን ገጠመች።

በማግስቱ ገበያው ውስጥ ምን ተባለ? “ዘመዷ እንኳ የማትቀምሰው ቅቤ።”

፭
ንግግር
(በስልክ፤ እኔና ልጄ)

ፍሬሕይወት፦ እማዬ፣ ምን ነክቶሽ ነው?

እኔ፦ ምንም።

ፍሬሕይወት፦ ደንበኞቿ እየቀሩባት ነው። ከኔ ጋር “ደህና አደርሽ” ብቻ ሆነናል። ባሌ መሃል ገብቶ ግራ ገብቶታል።

እኔ፦ ጨጓራዋን አሟት ነው በያት።

ፍሬሕይወት፦ ብያታለሁ። “ጨጓራ ያለበት ሰው ቅቤ ይጠጣል እንጂ ይሸሻል እንዴ?” አለችኝ።

እኔ፦ የኔ ጨጓራ ሌላ ነው በያት።

ፍሬሕይወት፦ እማዬ፣ እኔ እኮ የምኖረው እዚህ ቤት ነው።

ስልኩን ዘግቼ አለቀስኩ። የልጄ ጎጆ ገና ሳይሞቅ በኔ ምክንያት ሊቀዘቅዝ ነው። ሄጄ ልንገራት ብዬ ሁለቴ ተነሣሁ፣ ሁለቴ ተቀመጥኩ። ሴትዮዋ አታምነኝማ!

፮

አንድ ሰልጣኝ ወደ ኋላ መኪና ማቆም እየተለማመደ ሳለ ሕመሙ ያዘኝ።

“ዋይ!” ብዬ ጮህኩ።

ልጁ በሱ ላይ የጮህኩ መስሎት ቀጥ አድርጎ አቆመ። “ስፖኪዮ እያየሁ ነበር እኮ!” ይለኛል። እኔ ግን እጥፍ ብያለሁ። በዚያው መኪና፣ መንጃ ፈቃድ የሌለው ልጅ፣ በሁለተኛ ማርሽ እየተንፏቀቀ ሐኪም ቤት አደረሰኝ። እግሬ በኔ በኩል ካለው ፍሬን ላይ አልተነሣም። አመመኝ እንጂ አላበድኩም።

ዶክተር ነጂብ የአልትራሳውንዱን ስክሪን ወደኔ አዞረው። “ጨጓራዎ ደህና ነው። የሐሞት ከረጢትዎ ውስጥ ጠጠር አለ።”

“ጠጠር? ምስር በደንብ ሳልለቅም ቀርቼ ነው?”

ሣቀብኝ። “በአፍ የሚገባ አይደለም። እዚያው ውስጥ ነው የሚሠራው።”

“ቅቤ ነው የሠራው?”

“ቅቤውማ የሚቀሰቅሰው ነው። ቅባት ሲበሉ ከረጢቱ ይጨመቃል፣ ጠጠሩ መውጫውን ይዘጋል፣ ያኔ ያምዎታል። የፈለገ ንጹሕ ቅቤ ቢሆን ያው ነው።”

“እሷን የመጨረሻዋን እስኪ ይድገሙልኝ፤ የምነግረው ሰው አለ” አልኩት።

ደገመልኝ። ከዚያ ከረጢቱ መውጣት አለበት አለ። ያለ ሐሞት ሰው ይኖራል ወይ ብዬ ብጠይቀው፣ ሐሞቱን የሚሠራው ጉበት ነው፣ ከረጢቱ ማጠራቀሚያ ብቻ ነው አለኝ። እሺ አልኩ። ግን ፈራሁ። ከባድ መኪና መሃል ሰልጣኝ ይዤ የምገባ ሴት፣ ቢላዋ ሲባል በዐይኔ በሩን ፈለግኩ።

፯

“ከአስር ወደ ኋላ ይቁጠሩ” አሉኝ።

አስር።



ዘጠኝ።





ስም

፰
መመሪያ
(ስትነቃ)

በድንገት አትነሣ። ወደ ጎንህ ተንከባለል፣ ክርንህን ተደገፍ፣ እግርህን አውርድ፣ ከዚያ ቀስ ብለህ ቁም። ቀስ አልኩህ!

ትከሻህን ቢያምህ ጠጠሩ ተመለሰ ብለህ አታልቅስ። እኔ አልቅሼ ተዋርጃለሁ። በትናንሽ ቀዳዳ ስለሚሠሩ ሆድህን በአየር ነፍተውታል፤ እሱ ነው። ስትራመድ ይተውሃል።

ሳል ሲመጣ ትራስ ሆድህ ላይ እቀፍ። ሣቅ ሲመጣም እንደዚያው። ቀልደኛ ጎረቤት ካለህ ለጊዜው በር ላይ መልሰው።

ነርሷ “አየር ወጣ?” ስትልህ አትፈር፣ የምሯን ነው። የኔ የወጣ ዕለት አጠገቤ የተኛችው ሴትዮ እልል ብላልኛለች።

ጀሪካን አታንሣ። ሾርባ ጠጣ፣ ሩዝ ብላ፣ ቅባቱን በትንሽ በትንሹ ልመደው። አንድ ጠዋት ትነቃና ምንም እንዳላመመህ ታስተውላለህ። እኔ ያን ጠዋት አልጋዬ ላይ ቁጭ ብዬ “ተመስገን” አልኩ።

፱
ጠያቂዎች

ቤቴ ከገባሁ ወዲህ ያልመጣ ሰው የለም። ሙዝ ይዘው፣ ብርቱካን ይዘው፣ አምቦ ውኃ ይዘው።

“እግዜር ይማርሽ! የዶሮ ሾርባ ነው፣ ቅቤ ጣል አድርጌበታለሁ፣ ትንሽ ናት።”

“እግዜር ይማርሽ! አጥሚት ነው፣ ያለ ቅቤ አይሆንልኝም መቼም ታውቂኛለሽ።”

“እግዜር ይማርሽ! ጠጠሩ የታለ?”

ሁሉም የሚፈልገው ጠጠሩን ነው። ሐኪሙ በትንሽ ጠርሙስ ሰጥቶኛል፤ ጠርሙሱ ከእጅ ወደ እጅ ይዞራል። “ውይ፣ ሽምብራ ያክላል!” “ይኼ ነው እንዲህ ያስጮኸሽ?” አንዷማ ቀለበት አሠሪበት አለችኝ። ትራሴን አቅፌ ሣቅኩ።

ወይዘሮ ደብሪቱ አልመጣችም።

በማግስቱም አልመጣችም።

ዘመድ ታሞ አለመጠየቅ ምን ማለት እንደሆነ ላንተ አላስረዳም። ፍሬሕይወት ትመጣለች፣ ሾርባዬን ታሞቃለች፣ ስለ አማቷ አንድ ቃል አትናገርም። እኔም አልጠይቃትም።

፲

መጣች።

፲፩

ነጠላዋን አጣፍታ፣ ባዶ እጇን። ቅቤ ነጋዴ ባዶ እጇን በሽተኛ ስትጠይቅ ነገር አለው።

“እግዜር ይማርዎት” ብላ በሩ ሥር ተቀመጠች።

“አሜን፣ አብሮ ይማረን።”

ጠርሙሱ ሲዞር እሷ ጋ ደረሰ። ወደ መስኮቱ አድርጋ አየችው። ፊቷ ላይ የነበረው ቁጣ ሲጠፋ አየሁት። ጠርሙሱን ለማንም አላቀበለችም።

“እስኪ አንድ ጊዜ ብቻችንን ተዉን” አለች ለጠያቂዎቹ።

፲፪
ንግግር
(በር ተዘግቶ፤ እኔና ወይዘሮ ደብሪቱ)

ደብሪቱ፦ የቱ ጋ ነበር የሚይዝዎት?

እኔ፦ እዚህ። ከጎድን በታች።

ደብሪቱ፦ ከዚያ ወደ ጀርባ።

እኔ፦ አዎ።

ደብሪቱ፦ ከዚያ ትከሻ።

እኔ፦ ማን ነገረዎት?

ደብሪቱ፦ ማንም።

እኔ፦ ወይዘሮ ደብሪቱ?

ደብሪቱ፦ እኔ ጨጓራ ነው ብዬ፣ በያዘኝ ቁጥር ለጋ ቅቤ አቅልጬ እጠጣለሁ። አንድ ሲኒ። ካልተሻለኝ እደግማለሁ።

እኔ፦ እግዚኦ!

ደብሪቱ፦ ዐይኔን እዪልኝ እስኪ። ልጄ ቢጫ ሆኗል ይለኛል።

፲፫

“እዪልኝ” አለችኝ፤ “ይዩልኝ” አላለችም። ከሰርጉ ጀምሮ “እርስዎ” ስንባባል ነበር።

መጋረጃውን ገልጬ አገጯን ቀና አደረግኩት። ነጩ የዐይኗ ክፍል እርድ የተነሰነሰበት ይመስላል። ደነገጥኩ። ዶክተር ነጂብ ስሰናበት እንዲህ ያለ ነገር ካየሽ አንድ ቀን እንዳታድሪ ብሎኝ ነበር።

“አሁኑኑ ሐኪም ቤት እንሄዳለን።”

“አልሄድም። ቅቤ የምትሸጠውን ሴት ቅቤ አሳመማት እንዲሉልኝ ነው? አንቺ አፍሽን ዘግተሽ ያመጣሽብኝ አነሰ?”

“ቅቤሽን ንቄ መስሎሽ ነው? ፈርቼው እኮ ነው! ድንኳን መሃል ወድቄ የልጆቹን ደስታ ለቅሶ እንዳላደርገው ብዬ ነው!”

“ታዲያ አትናገሪም ነበር?”

“አንቺስ ተናገርሽ?”

ተያየን። መጀመሪያ የሣቀችው እሷ ናት። እኔ ትራሴን አቀፍኩ። እሷ ግን ሣቋ መሃል ላይ ተቋረጠና ቀኝ ጎኗን ይዛ ወንበሩ ላይ ታጠፈች። ያንን መታጠፍ አውቀዋለሁ።

“ተነሺ!” አልኳት፤ ሰልጣኝ ላይ በምጮኸው ድምፅ። “ሐኪሙ ንጹሕ ቅቤም ያው ነው ብሏል፤ ሁለት ጊዜ ነው ያስደገምኩት። ገበያ ውስጥ ቆሜ እኔው ራሴ እናገርልሻለሁ። አሁን ተነሺ!”

ተነሣች።

፲፬

ባጃጅ፣ ከሰፈሬ ከፍራንኮ እስከ ሐኪም ቤቱ። እሷ ጎኗን ይዛ፣ እኔ ቁስሌን ይዤ። “ክላች ይዘህ አትንዳ! ጉድጓዱን ዙረው! ዙረው አልኩህ!” ሹፌሩ አንዴ ዞር ብሎ አየንና የትኛችሁ ናችሁ በሽተኛዋ አለን። እሷ ወደኔ፣ እኔ ወደሷ ጠቆምን።

ዶክተር ነጂብ አያት፣ አስመረመራት፣ ሣቁ ጠፋ። አንዱ ጠጠር ከከረጢቱ ወጥቶ ቱቦው ውስጥ ተቀርቅሯል። የሷ እንደኔ በትናንሽ ቀዳዳ አያልቅም፣ ሆድ መከፈት አለበት፣ ቶሎ።

አልጋው እየተገፋ ሲሄድ እጄን ይዛኝ ነበር።

“ያማል?”

“ያማል። ከዚያ ይተዋል።”

“አትዋሺኝ።”

“መቼ ዋሽቼሽ አውቃለሁ? ዝም ነው ያልኩት።”

“ስነቃ ማንንም አላውቅም፣ እፈራለሁ” አለች። “አጠገቤ አንቺ ሁኚ።”

“እሆናለሁ” አልኳት። በሩ ተዘጋ።

፲፭

ይህንን የምጽፈው በሩ ፊት ለፊት ካለው አግዳሚ ላይ ነው። ልጆቹ የታዘዘውን መድኃኒት ፍለጋ ወጥተዋል። ፍሬሕይወት ከመሄዷ በፊት ነጠላዋን ትከሻዬ ላይ ጣል አድርጋልኝ፣ ግንባሬን ሳመችኝ።

እስካሁን ያነበብከውን ሁሉ ስጽፍ መጨረሻውን አውቀዋለሁ ብዬ ነበር። እኔ ድኛለሁ፤ በቃ፣ ታሪኩ አለቀ። አሁን ግን አላውቀውም። አንተ ወደ ታች ብታይ ታገኘዋለህ፤ እኔ የማየው የተዘጋ በር ነው።

እፈራለሁ። በግልጽ ልጻፈው፦ ይህች ሴት እንድትሞትብኝ አልፈልግም።

በሩ

፲፮

ተከፈተ።

“የወይዘሮ ደብሪቱ ቤተሰብ!”

ቀስ ብለህ ተነሣ ያልኩህን መመሪያ ረስቼ ብድግ አልኩ። ጎኔን ወጋኝ።

“በሰላም ተጠናቋል” አለች ነርሷ። “ጠጠሩም ወጥቷል። ነቅተዋል፣ ሰው እየጠሩ ነው።”

“ልግባ! እሆናለሁ ብያታለሁ።”

እጇን በሩ ላይ ዘረጋች። “ይቅርታ እናቴ፣ የሚገባው የቅርብ ቤተሰብ ብቻ ነው። እርስዎ ምናቸው ነዎት?”

“እኔ?”

“አዎ።”

“እኔ የደብሪቱ እህት ነኝ!” አልኩና በእጇ ሥር አልፌ ገባሁ።