የሎሳሊኔ አልጋ ዝቅ ያለ ሰሞን

በሲድኒ ዳርቻ፣ በማውንት ድሩይት ሰማይ ሥር እንደ ሎሳሊኔ አልጋ ከፍ ያለ አልጋ ታይቶ አያውቅም። አልጋው ራሱ እንደማንም አልጋ ነው፤ ከፍታው የመጣው ከፍራሹ ሥር ነው። እንደ ቶንጋ ደሴቶች እናቶች ሁሉ ሎሳሊኔም ሀብቷን የምታኖረው እዚያ ነበር። ሦስት ዓመት የጣት ሥራ የፈጁ እንደ ሐር የለሰለሱ ሰሌኖች፣ ከዛፍ ልጥ ተቀጥቅጠው በጥቁርና በቡናማ ቀለም የተሳሉ፣ ሲዘረጉ መንገዱን ከነእግረኛው የሚያለብሱ ጨርቆች፣ ገሚሱ ከእናቷ የወረሰችው፣ ገሚሱ በየሠርጉና በየቀብሩ እየሰጠች የተሰጣት። ልጆቿ ትንንሽ ሳሉ ወደዚያ አልጋ የሚወጡት በወንበር ነበር። እሷም ብትሆን ጠርዙ ላይ ስትቀመጥ እግሯ መሬት አይነካም። ሎሳሊኔ ጋደም እንዳለች ማዶ ተራራው ላይ ዝናብ መጣሉን ታያለች ይሉ ነበር ጎረቤቶቿ። ብዙም አላጋነኑ።

ስለዚህ የሃያ ሦስት ዓመቱ ልጇ ሊሲያቴ፣ አንድ ሐሙስ ከሰዓት በኋላ አምፖል ሊቀይርላት ገብቶ ጫማውን ለማውለቅ አልጋው ላይ ቁጭ ሲል፣ ጉልበቱ ከአገጩ ጋር ሊጋጭ ምንም አልቀረው። ተነሥቶ ፍራሹን ገለጠ። ዳርና ዳራቸው ያለቀ ሁለት አሮጌ ሰሌኖች ብቻ ተኝተዋል። የቀረው ባዶ ነው።

የእህቱ የሄይላላ ሠርግ አምስት ሳምንት ቀርቶታል። የሙሽራዋ ወገን ሰሌንና የልጥ ጨርቅ ተሸክሞ፣ ደርድሮ፣ አዳራሹን ሞልቶ ነው የሚገባው። ባዶ እጁን የገባ ቤተሰብ እንኳን በሲድኒ፣ ውቅያኖሱን ተሻግሮ በትውልድ መንደሩ እስከ ልጅ ልጅ ሲወራበት ይኖራል።

«እማ» ብሎ ተጣራ። «ሰሌኖቹ የት ሄዱ?»

ሎሳሊኔ እጇን በቀሚሷ እያደረቀች መጣች። በአረጋውያን መጦሪያ ውስጥ በጽዳት የምትሠራ፣ ሰፊ ትከሻ ያላት፣ ስትስቅ መስኮት የምታንቀጠቅጥ ሴት ናት። ያን ቀን ግን አልሳቀችም።

«አምፖሉን ቀየርከው?»

«እማ።»

«ቶአካሴ ጋ ናቸው» አለች በሩን እየዘጋች። «ጋራዧ ደረቅ ነው፤ አይጥም የለውም።»

ቶአካሴ ማለት ሰሌን በመያዣነት ተቀብላ በወለድ የምታበድር ሴት ናት። የግማሹ የማውንት ድሩይት ክብር ተጠቅልሎ የሚያድረው እሷ ጋራዥ ውስጥ ነው።

ሎሳሊኔ ከልብስ ሳጥኑ ኋላ የብስኩት ቆርቆሮ አወጣችና ጭኑ ላይ አስቀመጠችለት። በኀምሳ በኀምሳ ዶላር የታሰረ ገንዘብ ነበር።

«ሦስት ሺህ ስምንት መቶ ነው። ሁሉም አይደለም፤ የቀረውን እስከ ገና ታገሡኝ በላቸው። ስትነግራቸው ደግሞ አንገትህን አትድፋ።»

«ለማን ነው የምነግረው?»

«አንተ ልጅ፣ እኔ እናትህ ነኝ። አትሸፋፍንብኝ። አሥራ አራት ሺህ ሁለት መቶ ስልሳ። አይቼዋለሁ።»

ያኔ ገባው። ገብቶትም ከአንገቱ በላይ እሳት የለቀቁበት መሰለው፤ በዚያ ሙቀት የሰፈሩን እራት ማብሰል ይቻል ነበር።

ከሁለት ሳምንት በፊት በስሙ ደብዳቤ መጥቶ ነበር፤ ስምና አድራሻ በምታሳይ መስታወት መሰል ቀዳዳ ካላቸው ፖስታዎች አንዱ። በዚያ ቤት እንዲህ ያለ ፖስታ መልካም ነገር ይዞ መጥቶ አያውቅም። የመብራት መቆረጥ፣ የኪራይ ማስጠንቀቂያ፣ የአባቱ ዕዳ፣ ሁሉም የመጡት በዚያች ቀዳዳ አጮልቀው ነው። ሎሳሊኔ ከፍታ አየችው። እንግሊዝኛው ብዙም አይነበብላት፤ ቁጥርና የልጇን ስም ግን ታነባለች። መልሳ አሸገችና ማቀዝቀዣው ላይ አኖረችው። ሊሲያቴ ከሥራ ሲገባ ምን አደረገ? ቀምቶ ኪሱ ከተተው፤ ጆሮው ቀላ፤ «ምንም አይደለም፣ የማስታወቂያ ወረቀት ነው» አለ። አባቱ ከመሞቱ በፊት ሃያ ዓመት ሙሉ ያደረገው ልክ ይህንኑ ነበር።

ደብዳቤው ግን የአክሲዮን መግለጫ ነበር። ያ ሁሉ ገንዘብ የሊሲያቴ ነው።

ነገሩ የተጀመረው በአሥራ ዘጠኝ ዓመቱ፣ እንደ በረዶ ቤት በሚቀዘቅዝ መጋዘን ፎርክሊፍት የሚባለውን ዕቃ ማንሻ መኪና መንዳት በያዘ ሰሞን ነው። አንድ ጡረታ ሊወጣ የተቃረበ ሠራተኛ በምሳ ሰዓት፣ ከየክፍያው ላይ ትንሽ እየቀነሱ በስልክ አክሲዮን መግዛትን አሳየው። ሊሲያቴ በየሁለት ሳምንቱ መቶ ሃያ ዶላር ማስገባት ጀመረ። ዋጋው ሲወርድም ሲወጣም ገዛ። እንኳን ወር፣ አንድ ክፍያ አልዘለለም፤ ከእሱ ይልቅ ፀሐይ የመቅረት ዕድሏ የሰፋ ነበር።

ለማንም አልተናገረም። ስምንት ዓመቱ ሳለ ዕዳ ሰብሳቢዎች መጥተው ማቀዝቀዣቸውን ሲያወጡ አይቷል። ውስጡ የጎደሬ ቅጠልና የቆርቆሮ ሥጋ የተሠራበት ድስት ነበር። እናቱ እስከ በሩ ተከትላቸው፣ «ድስቷን ብቻ» ስትል ሰምቷል። ያን ቀን የማለውን መሐላ ንጉሥም አልማለውም። ካደገ በኋላ ደግሞ ሌላ ነገር ተማረ። በእነሱ ዘንድ ያለው ሰው ሲጠየቅ የለኝም አይልም፤ ለቤተ ክርስቲያን፣ ለለቅሶ፣ አገር ቤት ላለ የአጎት ልጅ ትምህርት ቤት ይሰጣል። ስልክ ውስጥ የተቀመጠን ገንዘብ ግን ማን ያየዋል? ኪሱን ገልብጦ «እጄ ላይ ምንም የለም» ሲል እውነቱን ነበር። ያቺን እውነት አራት ዓመት ሙሉ እንደ ጃንጥላ ዘርግቶ ተጠለለባት።

«እማ፣ ዕዳ አይደለም።»

«አባትህም እንዲሁ ነበር የሚለው።»

«የራሴ ገንዘብ ነው። እነሱ ጋ ያስቀመጥኩት።»

«እንዲህስ አባትህም ብሎ አያውቅ» አለች፣ በውሸቱ ግዝፈት ትንሽ ተደንቃ።

ስልኩን አውጥቶ አሳያት። አረንጓዴዋ መስመር ከግራ ወደ ቀኝ እየተንገዳገደች ትወጣለች። ሎሳሊኔ ስልኩን ተቀብላ ቃረብ፣ ራቅ አደረገችው። ከጎኑ ተቀመጠች። አልጋው ስላነሰ የእሷም እግር መሬት ነክቷል።

«ከመቼ ጀምሮ ነው?»

«አራት ዓመት።»

«መብራት የተቆረጠብን ክረምት ነበረህ?»

«ነበረኝ። ትንሽ።»

«ትንሽ ስንት ነው?»

ሊሲያቴ ወለሉን አየ። «ስድስት ሺህ ገደማ።»

ያ ክረምት ከሁለቱም ፊት መጥቶ ተቀመጠ። ሦስት ካልሲ ደርባ የተኛችበት፣ በሻማ ፀጉሯን ያበጠረችበት ክረምት። እሱም በሻማው ብርሃን ስልኩን እያየ ነበር። ሥራ ቦታ ነበር ቻርጅ የሚያደርገው።

«የሄይላላ ጥርስስ?» አለች ቀስ ብላ።

ይቺኛዋን እንዳትጠይቀው ነበር የፈራው። ከሁለት ዓመት በፊት እህቱን የፊት ጥርሷን አመማት። ማስሞላቱ ዘጠኝ መቶ፣ ማስነቀሉ መቶ ሰማንያ ተባለ፤ አስነቀሉት። ከዚያ ወዲህ ሄይላላ ስትስቅ አፏን በእጇ ትሸፍናለች።

«ነበረኝ።»

ከቶንጋ እስከ ሲድኒ ያለው ባሕር ሁሉ ቢገለበጥበት ያን ጊዜ የሚፈልገውን ያህል አይሸፍነውም ነበር። ብትጮህበት ደስ ባለው። እሷ ግን ስልኩን በሁለት እጇ፣ እንደ ሰው ዕቃ ተጠንቅቃ መለሰችለት።

«ለቶአካሴ ልጄ ዕዳ አለበት ብያታለሁ። እንደዚያው ይቅር፤ ለማንም እንዳትናገር።»

«እውነቱን እነግራታለሁ።»

«ዕዳ ያለበት ልጅ የሁሉም ቤት ልጅ ነው፤ አላፍርበትም። እያለው መቸገራችንን እያየ ዝም ያለ ልጅ ግን…» ነገሩን አልጨረሰችውም። «አምፖሉን ቀይርና ውጣ።»

መያዣውን ለማስለቀቅ የቆርቆሮው ገንዘብ አለ፤ የጎደለው ወለዱ፣ ሰባት መቶ ስልሳ ዶላር ነው። ሊሲያቴ በአራት ዓመት ነክቷት የማያውቃትን «ሽጥ» የምትለውን ቁልፍ ተጫነ። ገንዘቡ እጁ እስኪገባ እሑድ መጣና ሄደ። የዕዳው ወሬ ተዳርሶ ኖሮ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ሰዎች ትከሻውን መታ መታ እያደረጉት ያልፋሉ። ያን ያህል እጅ በአንድ ቀን ያረፈበት ትከሻ ካለ ይቅረብ።

ማክሰኞ ወደ ቶአካሴ ጋራዥ ሄደ። ከወለሉ እስከ ጣሪያው በጥቅል ተሞልቷል፤ መሀል ላይ በፕላስቲክ ወንበር ቶአካሴና ጋሼ ፔኒሲማኒ ካርታ ይጫወታሉ። ፔኒሲማኒ የመዘምራኑ አንጋፋ ናቸው፤ ሰባ አምስት ዓመት የሞላቸው ጡረተኛ ሲሆኑ፣ ድምፃቸው ያለ ማጉያ ሦስት ሰፈር ያዳርሳል።

«መጣህ ባለዕዳው?» አለች ቶአካሴ ገንዘቡን እየቆጠረች። «ምንድን ነው ግን፣ ቁማር ነው መኪና?»

«ሁለቱም አይደለም፣ እትዬ።»

«እንግዲያው ሴት ናት። ሴቷ ከሁለቱም ትብሳለች።»

«ልጁን ተይው» አሉ ፔኒሲማኒ። «ተጫወች፤ ሰርቀሽ የያዝሻትን ካርታም ጣያት።»

ሰሌኖቹን ቶአካሴ በመኪናዋ ላከችለት። ትልቁ የልጥ ጨርቅ ግን መኪና ውስጥ አልገባ አለ። የአያቱ እጅ ያለበት ነው፤ ተጠቅልሎ የመብራት ምሰሶ ያህላል። ሊሲያቴ በትከሻው አደረገው፤ በሁለት እጁ ደግፎ፣ በጠራራ ፀሐይ፣ ከሱቆቹ ፊት ለፊት ይሄድ ጀመር። የሚያውቀው ሁሉ ተጠራርቶ መንገድ የወጣ ይመስል ነበር።

ከኋላው የነጠላ ጫማ ድምፅ ሰማ። ፔኒሲማኒ እያለከለኩ ደረሱበት።

«ቁም እስቲ። አፈጣጠንህ የሰረቅከው አስመሰለህ።» ከጉያቸው የታጠፈ ፖስታ አወጡ። «ይህቺ የመዘምራኑ ናት። እሑድ ከአምልኮ በኋላ እናትህ ሳትሰማ አሰባሰብናት። ስድስት መቶ አሥራ አምስት ናት። የኔ ሃያ ብቻ ናት፤ ጡረታዬ የሚገባው ሐሙስ ስለሆነ ነው።»

ሊሲያቴ ለማንም እንዳይናገር የእናቱ ቃል ነበረበት። ግን የሰውዬውን ነጠላ ጫማ አየው፤ የግራው ማሰሪያ በሽቦ ተጠግኗል።

«ጋሼ፣ ዕዳ የለብኝም።»

«እሺ።»

«እውነቴን ነው። ገንዘብ ነበረኝ። ደብቄ ነው። ከእናቴም፣ ከእናንተም።»

ፔኒሲማኒ በሐዘን አዩት። «ልጄ፣ ዕዳ ያለበት ሰው ሁሉ እንዲህ ነው የሚለው። እኔ ራሴ ለሚስቴ ስንት ጊዜ ብያታለሁ።»

«ጋሼ፣ አልቀበልም።»

«በየትኛው እጅህ ነው የማትቀበለው?» አሉና ፖስታውን የሸሚዙ ደረት ኪስ ውስጥ ሰክተው፣ ሁለቴ መታ መታ አድርገው ተመለሱ። ጥቅሉን ጥሎ ሊሮጥ አይችል። እየሄደ ያ ፖስታ ከልጡ ጨርቅ፣ ከእነ ቶአካሴ ጋራዥ በላይ ከበደው።

ቤት ሲደርስ ሎሳሊኔ ፍራሹን አቁማ ሰሌኖቹን እየደረደረች ነበር። ጨርቁን ከትከሻው ተቀበለችው። ፖስታውን አየች።

«ያ ምንድን ነው?»

«መዘምራኑ አዋጡልኝ። ለዕዳዬ።» ፖስታውን ከደረት ኪሱ አውጥቶ ዘረጋላት። «ጋሼ ፔኒሲማኒ ሃያ ሰጡ። ነገርኳቸው እማ፤ አላመኑኝም።»

ሎሳሊኔ ከሰሌኖቹ ላይ ቀስ ብላ ተቀመጠች። ለመጀመሪያ ጊዜ ፊቷን በእጇ ሸፈነች። የእሱን ነውር ልትከልል ያቆየችው ውሸት ዞሮ የድሃ ኪስ ገብቷል፤ ስለዚህ አሁን ያፈረችው እሷም ነች።

«የፔኒሲማኒ ገንዘብ ከእሑድ አያልፍም» አለች በመጨረሻ። «ቆመህ ትመልሳለህ። በሁሉም ፊት፣ የነበረህን ተናግረህ። እኔም አጠገብህ ቆሜ የእኔን እናገራለሁ።»

«እሺ።»

ፍራሹን አብረው አስተኙት። አልጋው ወደ ድሮው ከፍታው፣ ምናልባትም አንድ ጣት አልፎ ተመለሰ። ሄይላላ ከሥራ ገብታ በሩ ላይ ቆመች፤ ወንድሟ ላብ በላብ ሆኖ፣ እናቷ ወደ አልጋው ለመውጣት ስትንጠላጠል አየችና ሳቀች። እጇ አፏ ላይ ሄደ።

ሊሲያቴ ያቺን እጅ አያት።

«ሰኞ ጥርስ ሐኪም ጋ እንሄዳለን» አላት። «ከሠርጉ በፊት ይተኩልሽ።»

«በምን ገንዘብ?»

ወደ እናቱ ዞረ። ሎሳሊኔ እግሯን እያወዛወዘች ከከፍታዋ ታየዋለች፤ አልረዳችውም።

«አለኝ» አለ።

በሕይወቱ ያን ቃል አፍ አውጥቶ ሲናገር የመጀመሪያው ነበር፤ ለራሱም እንኳ በደንብ አልተሰማውም።

«ከፍ አድርገህ በል» አለች እናቱ። «እሑድ እንዲህ ከተንሾካሾክህ ከኋላ ወንበር ያሉት አይሰሙህም።»