ባለታርጋዋ በቅሎ

ባሌ ይርጋ ታርጋውን የወደደው ሌባ ስላንገበገበው ነው። ጥልያን ደብረ ታቦር በገባ በሁለተኛው ዓመት፣ ከይፋግ ገበያ ሲመለስ ሁለት በቅሎዎቹን ከነጭነታቸው ወስደውበታል። ስለዚህ ለፋፊው ገበያ መሀል ቆሞ፣ «ካሚዮን ያለው ለካሚዮኑ፣ በቅሎ ያለው ለበቅሎው እየከፈለ ያስመዝግብ፤ በገንዘቡ እስከ ገሳይ ኬላ ስልክ ይዘረጋል፤ ስልኩ ሌባ ይይዛል» ሲል፣ ሌላው እያጉረመረመ ሲበተን የኔው ጉድ ቀድሞ ሄደ። ለቀረችን አንዲት ዳማ በቅሎ ቁጥር ያለበት ቆርቆሮ አንገቷ ላይ አንጠልጥሎላት መጣ።

«እንግዲህ ማን ይነካታል?» አለኝ።

«ጥልያን ይነካታላ» አልኩት።

ሳቀብኝ። ሁለት በቅሎ የተዘረፈ ሰው ምን ይፈረድበታል። ሌባ የሚይዝ ከመጣ ሰይጣንም ቢሆን ይምጣ ባይ ሆኖ ነበር።

የኔ ሰው ደግሞ ጉና ላይ ነበር። ታናሽ ወንድሜ ካሳሁን አርበኛ ነው፤ የያዘው ይሸለማል ተብሎ ስሙ ተለፍፏል። እኔ በጋብቻ የመጣሁ ነኝና ደብረ ታቦር መልኩን የሚያውቅ አልነበረም። በግንቦት እግሩን በጥይት ተመትቶ ጓዳዬ ገባ። ሦስት ሳምንት ከጎታው ኋላ ሸሽጌ ቁስሉን በጨው ውሃ አጠብኩለት። ቁስሉ ሲጠግግ ልሂድ አለ። በእግሩ ግን ከበር አያልፍም።

ይርጋ በቅሎዋን ጫነለት። ታርጋውን ልፈታ እጄን ብሰድ ያዘኝ።

«ተይው። ኬላ ላይ የሚያስቆሙት ታርጋ የሌላትን ነው። እኔ በሷ ስንት ጊዜ አልፌያለሁ፤ ማን ቀና ብሎ አይቶኝ?»

እውነቱን ነው። እሱ ሲያልፍ ግን የስልኩ ሽቦ ገና ኬላው አልደረሰም ነበር። አሁን ገሳይ መድረሱን ብንሰማም፣ ሰው ተዘረፍኩ ብሎ ሲጮህ ብቻ የሚሠራ ነገር መስሎን ነበር። እኔም የበኩሌን ምክር ጨመርኩበት።

«የማን ናት ካሉህ የራሴ ናት በል። የይርጋን ስም እንዳታነሳ።»

በኛ አገር በቅሎ የተቀመጠባት ሰው ንብረት ናት። ማን ምስክር ጥራ ይላል?

«እሺ እታለም» ብሎ ጉንጬን ስሞኝ ሄደ።

ገሳይ ላይ አስቆሙት። ጥልያኑ የማን ናት ብሎ አስጠየቀው፤ እሱም እንደመከርኩት መለሰ። ከዚያ ስልኩን አንስቶ ቁጥሩን አነበበ። ደብረ ታቦር ያለው ጸሐፊ መዝገብ ገልጦ «የይርጋ ናት» እስኪል፣ አንድ አቡነ ዘበሰማያት አያስደግምም። ያመኑት ፈረስ ይጥላል በደንደስ የሚሉት ይህን ነው።

በማግስቱ እኔንና ይርጋን አስጠሩን። ካሳሁን የፊጥኝ ታስሮ ቆሟል። ስሜ ጥበቡ ነው ብሏቸው ኖሯል።

«ይህን ሰው ታውቁታላችሁ?» አለ አስተርጓሚው። «በቅሎዋን ሰጥታችሁት ነው ወይስ ሰርቋችሁ?»

ሰጠነው ብል፣ ምናችሁ ነው ይመጣል፤ ማንነቱ ይወጣል፤ ለሦስታችንም ገመድ ነው። ሰርቆን ነው ብል ግን ሌባ ብቻ ነው። በኛ ደንብ የበቅሎ ሌባ ይገረፋል፣ ካሣ ይከፍላል፣ ዋስ ጠርቶ ይወጣል። የጅራፍ ቁስል ሽሮ ያድራል አልኩ በልቤ። ይርጋን አየሁት፤ መሬት መሬት ያያል። የአህያ ባል ከጅብ አያስጥልምና እኔው ቀደምኩ።

«አላውቀውም ጌታዬ። ሰርቆን ነው።»

ካሳሁን ቀና ብሎ አየኝና ገባው።

«አዎ፣ ሰርቄ ነው» አለ።

አልደብቅም፣ ደስ አለኝ። ወንድሜን ያተረፍኩት መሰለኝ።

ጥልያኑ ተነስቶ የይርጋን እጅ ጨበጠ። ረጅም ነገር ተናገረ፤ አስተርጓሚው አሳጠረው።

«ስልኩ የያዘው የመጀመሪያው ሌባ ነው ይላል። ሕዝቡ ገንዘቡ ምን እንደሠራለት እንዲያይ፣ ቅዳሜ ገበያ ላይ ይሰቀላል።»

«ለአንዲት በቅሎ?» አልኩ። «በቅሎዋ ተገኝታ የለም ወይ ጌታዬ? እኛ ምረነዋል። ካሣም አንሻም።»

«ምሕረቱ የናንተ አይደለም» አለኝ አስተርጓሚው፤ ፊቱን አዞረ።

ወንድሜ ነው ብል ያው ገመድ ነው፤ ይርጋንም ይጨምራል። አፌን ያዝኩ። እስከዛሬ ያቃጥለኛል፤ ሌላ የምለው ግን ዛሬም አላገኘሁም።

ቅዳሜ ሰቀሉት። ጀግና ሲሞት ስሙን ይጠራል፣ ይፎክራል፤ እሱ ለኛ ብሎ ስሙን እንኳ አልተናገረም። አርበኛ ሆኖ ቢሞት አልቃሽ ታነሳው ነበር። ሌባን ማን ያነሳል? ሰዉ «እሰይ፣ ስልኩስ ሠራ» እያለ አለፈ። በዚያው ገበያ ሲያጉረመርም የከረመው ባለበቅሎ ሁሉ ሊያስመዘግብ ተሰለፈ፤ ሽቦውም ወደ አንበሳሜ ይቀጠላል ተባለ።

እኔ ነጠላዬን ማዘቅዘቅ አልቻልኩም። ይርጋ ከተኛበት አልተነሳም፤ ጎረቤት ንዳድ ነው አለ። እሁድ ከቅዳሴ መልስ ጎረቤቶቼ ውድነሽና ዓለሚቱ ጠላ ይዘው መጡ። በቅሎዋ ደጅ ታስራለች፤ አንገቷን እያሻሹ አለፉ።

«እንኳን በቅሎሽ ተገኘችልሽ» አሉኝ፣ ከልባቸው።

«እንኳን አብሮ ደስ አለን» ብዬ አስገባኋቸው።