የአባዬ ዕቃ፣ የወንድሜ እቃ

አባዬን ከመሰላል የሚያወርድ ሰው ጠፍቶ ነበር። ባለፈው ወር ከላይኛው መደርደሪያ ላይ ፔዳል ሊያወርድ ወጥቶ ሸርተት አለና ቁርጥራጭ ጨርቅ የታጨቀበት ካርቶን ላይ ወደቀ። ካርቶኑ ባይኖር ኖሮ ወገቡ አብቅቶለት ነበር። እሱ ግን አቧራውን አራግፎ ተነሳና «ይሄን ካርቶን ማነው እዚህ የገተረው?» ብሎ እኔን ተቆጣኝ። እንዲህ ያለ አባት ነው ያለኝ።

ሱቃችን የስፌት ማሽን የሚጠገንበትና መለዋወጫ የሚሸጥበት ጠባብ ክፍል ነው፤ መደርደሪያው ግን ጣሪያ ይነካል። የትኛው ብሎን የትኛው ቆርቆሮ ውስጥ እንዳለ የሚያውቀው አባዬ ብቻ ነው። «እኔ ልውጣ» ስለው «የት እንዳለ ሳታውቂ ወጥተሽ ምን ልታመጪ?» ይለኛል። እውነቱን ነው፤ የሚያናድደኝም እውነቱን መሆኑ ነው።

ታናሽ ወንድሜ በነገሩ ጣልቃ የገባው ይሄኔ ነው። ኮምፒውተር ስለተማረ ቤት ውስጥ «ኢንጂነሩ» እንለዋለን፤ አምፖል ሲቃጠል ግን የምቀይረው እኔ ነኝ። «ዕቃውን ሁሉ ከነቦታው ዳታቤዝ ውስጥ እናስገባው፤ እኔ ደግሞ የሚፈለግበትን ገጽ እሠራለሁ» አለ። አባዬ ጢሙን እያሻሸ ብዙ አሰበበት።

«እሺ» አለ በመጨረሻ። «ደንበኛ መጥቶ ሲጠይቅ ይሄ ነገራችሁ ትክክለኛውን ቦታ ከነገረ፣ ከዚያ ወዲያ መሰላል አልረግጥም። ካልነገረ ግን ስለ መሰላል ሁለተኛ እንዳታነሱብኝ!»

አባዬ ካለ አለ ነው። ስለዚህ ሥራ ቀዝቀዝ ባለ ቁጥር እሱ እየተናገረ እኔ ወንድሜ በሰጠኝ ትንሽ ፕሮግራም መጻፍ ያዝኩ። የጻፍኩት ሁሉ የሚቀመጠው አንድ ፋይል ውስጥ ነው። ስም ያወጣለትም አባዬ ነው፤ «ዕቃ በይው» አለኝ። ከጀርባዬ ቆሞ ስጽፍ እያየ፣ «በዐይኑ ዕ ነው እንጂ! አልፋውን ምን አመጣው?» ብሎ አሳረመኝ። በፊደል ቀልድ አያውቅም።

የላይኛው መደርደሪያ ላይ ስንደርስ «ይሄን ለኔ ተዪው» አለ። መነጽሩን አፍንጫው ጫፍ ላይ አድርጎ በአንድ ጣቱ እየለቀመ ራሱ ጻፈው። ምን እንደጻፈ ዞር ብዬ አላየሁም፤ ማሽን ፈትቼ እጄ በዘይት ተለውሶ ነበር።

ተጽፎ አልቆ የውርርዱ ቀን ሲደርስ ወንድሜ ላፕቶፑን ጠረጴዛው ላይ ዘርግቶ ጉሮሮውን ጠረገ።

«ገጹን የሠራሁት በፍሬምወርክ ነው» አለ። «ፍሬምወርክ ማለት ግድግዳና ጣሪያው ቆሞ የሚሰጥህ ቤት በለው። ዳታቤዙ ደግሞ የራሱ ሰርቨር ምናምን የማይፈልግ፣ አንዲት ፋይል ብቻ ነው። ሁለቱን ለማገናኘት የፋይሉን ስም አንድ መስመር ላይ ጻፍኩ። አለቀ!»

«ሞክረኸዋል?» አልኩት።

«ምኑ ይሞከራል እትዬ? አንድ መስመር እኮ ነው!»

ይሄኔ ችኩሉ ገባ። ችኩሉ የምንለው ልብስ ሰፊ ደንበኛችንን ነው፤ እሱ በሩ ጋ ሳይደርስ ወሬው ቀድሞት ይገባል። «ጋሼ፣ የአሮጌዋ ማሽኔ ቺንጋ ተበጠሰብኝ! የሙሽራ ቀሚስ በጅምር ቀርቶብኛል፤ መንኮራኩሩን በእጄ ላዙር እንዴ?»

አባዬ ሁለት እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ በአገጩ ላፕቶፑን አሳየው። «እኔን አትጠይቀኝ። እሱን ጠይቅ።»

ወንድሜ «ቺንጋ» ብሎ ጻፈ። ገጹ መለሰ፦ ምንም አልተገኘም።

«መርፌ በለው» አልኩት። ምንም አልተገኘም። ችኩሉ ግድግዳው ላይ ተደርድሮ የተሰቀለውን መርፌ አየ፤ ከዚያ ላፕቶፑን አየ፤ ከዚያ እኛን አየን። አባዬ ደስ እያለው እጅጌውን መሰብሰብ ጀመረ።

ደሜ ፈላ። «ጣቴ እስኪዝል የጻፍኩትን የት አደረስከው?» ብዬ ወንድሜ ላይ ጮኽኩበት። ለልፋቴ አልነበረም፤ አባዬ ዛሬ ከረታ፣ ከታች ካርቶን በሌለበት እስኪወድቅ ድረስ ከዚያ መሰላል አይወርድም።

«ቆይ፣ ብልሽት ቢኖር ስህተት ነው ብሎ ይጮህ ነበር። ይሄ እኮ ተረጋግቶ ባዶ ነኝ ነው የሚለው» አለና ፎልደሩን ከፈተ። ወደ ስክሪኑ ተጠጋ። ፊቱ ተለዋወጠ።

«ሁለት ነው» አለ።

«ምኑ ነው ሁለት?»

«ፋይሉ! አንዱ ዕቃ ይላል፤ አንዱም እቃ ይላል። ኮምፒውተር እኮ አንድ ፎልደር ውስጥ አንድ ስም ሁለቴ አይቀበልም!» ጣቱን እያፈራረቀ ጮክ ብሎ አነበበው። «ዕቃ። እቃ። ዕቃ። እቃ። ያው ነው!»

ጎንበስ ብዬ አየሁና ሳቄ አመለጠኝ። «አንተ ኢንጂነር! ምን በጆሮህ ትሰማዋለህ፣ በዐይንህ እየው እንጂ! የኔ በዐይኑ ነው፤ ያንተ በአልፋው።»

ግንባሩን በመዳፉ መታ። «ያልኩትን ስም ሲያጣ ዝም ብሎ በዚያ ስም አዲስ ባዶ ፋይል ፈጥሯላ! ፍሬምወርኩም ባዶው ላይ ሰንጠረዡን ዘርግቶ ሰላም ነው ብሎ ተቀመጠ።»

አባዬ አንድ እግሩን መሰላሉ ላይ አንስቶ ዞረ። «ማነው ዕቃን በአልፋው የጻፈው?»

«ሰው ሁሉ እንደዚያ ነው የሚጽፈው አባዬ!»

«እንግዲያ ሰው ሁሉ ባዶ ፋይል ይኑረዋ!»

«አባዬ፣ እግርህን መልስ» አልኩት። «አንድ ፊደል ነው። ገና አልረታህም።»

«ጋሼ፣ ለአንድ ፊደል እንኳ ይጠብቁ» አለ ችኩሉ። ችኩሉ «ይጠብቁ» ሲል የሰማሁት ያን ቀን ብቻ ነው።

አባዬ እግሩን ከመርገጫው ሳያነሳ ቆመ። ወንድሜ ከዚያች መስመር ላይ አንዷን እ አጥፍቶ ዐይኑን ተካ፤ ገጹን እንደ አዲስ አስነሳና «ቺንጋ» አለው። ስክሪኑ በመስመር ተሞላ። የአሮጌዋ ማሽን ቺንጋ መጨረሻ ላይ ነበር። ለችኩሉ ብዬ ጮክ ብዬ ማንበብ ጀመርኩ፦

«የላይኛው መደርደሪያ፣ ከበሩ በስተግራ፣ ሰማያዊው ቆርቆሮ። ልጄ፣ የመሰላሉ ሦስተኛ መርገጫ ይነቃነቃል። እኔን ጠርተሽ ሳታስይዢ እንዳትወጪ።»

ወንድሜ ገጹን ወደ ታች ገፋው። የላይኛው መደርደሪያ ዕቃ ሁሉ መጨረሻው ያው ነው፦ አስይዢ፣ ሳታስይዢ እንዳትወጪ፣ ጥሪኝ። አባዬ በአንድ ጣቱ ሲለቅም የዋለው ይሄንን ነበር። ገና ያኔ መሰላሉን ለኔ ለቆልኝ ነበር፤ በአፉ ግን ሲፎክርብን ከረመ። እንባዬ መጣ፤ አልደበቅኩትም።

«ምን ያፈዛችኋል? ደንበኛ ቆሟል!» አለ አባዬ። እግሩን ከመርገጫው አወረደ፤ መሰላሉን በሁለት እጁ ጥብቅ አድርጎ ያዘ። ወጣሁ።

«ሦስተኛውን ዝለዪው!» አለኝ ከታች።

«አውቃለሁ አባዬ» አልኩት። «ተጽፏል።»